ማሽኑ የሰጡትን ይለካል፦ የደም መርጋት ምርመራ ናሙና አሠራር

በዚህ እትም የታካሚ ናሙና በደም መርጋት መለኪያ ማሽን ላይ እንዴት እንደሚሠራ እናያለን። ትምህርቱ የላብራቶሪና የባዮሜዲካል ተማሪዎች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ዋርፋሪን የሚወስድ ዘመድ ያለውን ሁሉ ይመለከታል። በአገራችን በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ገና በወጣትነታቸው ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ የተገጠመላቸው ሰዎች አሉ። የብረት ቫልቭ ያለው ሰው ዋርፋሪንን ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። መድኃኒቱ ሲያንስ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ደም ይፈሳል። ሐኪሙ መጠኑን የሚወስነው ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር አይቶ ነው።

ለተግባር ልምምድ በወጣንበት ላብራቶሪ አንድ ቀን የአንዲት ታካሚ ውጤት እጅግ ረዝሞ ወጣ። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች ነንና መጀመሪያ የጠረጠርነው ማሽኑን ነው። ሙቀቱን እንለካ፣ መብራቱን እንፈትሽ እያልን ሳለ የላብራቶሪው ባለሙያ ቱቦውን አንሥቶ አሳየን። ደሙ ከግማሽ አላለፈም ነበር። ናሙናው በአዲስ ቱቦ ተወስዶ ሲሠራ ውጤቱ ሌላ ሆነ። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የሰጠነውን ነው የለካው። ከዚያ ቀን ወዲህ ምርመራውን ከቱቦው ጀምረን ማየት ለመድን።

1. ቱቦው

ለዚህ ምርመራ የሚያገለግለው ክዳኑ ፈዛዛ ሰማያዊ የሆነው ቱቦ ነው። ውስጡ 3.2 በመቶ ሶዲየም ሲትሬት አለ። ደም ለመርጋት ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ ሲትሬቱ ያንን ካልሲየም ይዞ ደሙ እንዳይረጋ ያቆየዋል። በማሽኑ ውስጥ ካልሲየም ተመልሶ ይጨመርና ፕላዝማው ለመርጋት ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ይቆጠራል።

ስለዚህ ልኩ 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት መሆን አለበት። 0.3 ሚሊ ሊትር ሲትሬት ያለው ቱቦ 2.7 ሚሊ ሊትር ደም ይፈልጋል። ግማሹ ብቻ ከገባ የተረፈው ሲትሬት በኋላ የሚጨመረውን ካልሲየም ጭምር ይይዛል፤ ሰከንዱም ያለ በሽታ ይረዝማል። ሁለት ጎዶሎ ቱቦዎችን አንድ ላይ መገልበጥ መፍትሔ አይሆንም፤ ሲትሬቱም አብሮ ይደመራልና። ከሐምራዊው ቱቦ መገልበጥ ደግሞ የባሰ ነው፤ በውስጡ ያለው ኢዲቲኤ ካልሲየምን አጥብቆ ይይዛል።

ቱቦው እንደተሞላ ከ3 እስከ 4 ጊዜ በቀስታ ይገላበጣል እንጂ አይናጥም። ትንሽም ብትሆን የረጋ ደም ከታየችበት ናሙናው አይሠራም፤ መርጊያው ንጥረ ነገር አስቀድሞ አልቋልና።

2. ሴንትሪፊዩጁ

ፕላዝማው ከፕሌትሌት የጠራ እንዲሆን ናሙናው አብዛኛውን ጊዜ በ1500 ጂ ለ15 ደቂቃ ይሽከረከራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአንዳንዱ ማሽን መደወያ የሚያሳየው በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ነው እንጂ ጂውን አይደለም። የመዞሪያው ሬዲየስ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 3000 ዙር 1500 ጂ ያህል ይሰጣል። ሬዲየሱ 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን ያው 3000 ዙር 1000 ጂ ገደማ ብቻ ነው። «ሁሌም 3000 ላይ ነው የምናደርገው» የሚል ልማድ በአዲስ ሴንትሪፊዩጅ ላይ አይሠራም።

3. ማሽኑ

ናሙና ከመጫኑ በፊት ኮንትሮል ይሠራል፤ አንዱ በጤነኛ፣ ሌላው በረዘመ ደረጃ። ኮንትሮሉ ከተፈቀደው ወሰን ከወጣ የታካሚ ውጤት አይለቀቅም። ከዚያ ስምና ባርኮድ ይመሳከራል። ፕላዝማው 37 ዲግሪ ላይ ይሞቃል፤ ሪኤጀንት ይጨመርበታል፤ ሰዓቱ ይጀምራል።

መርጋቱ የሚታወቅበት መንገድ በዋናነት ሁለት ነው። አንዳንዱ ማሽን ብርሃን ያሳልፋል፤ ፋይብሪን ሲፈጠር ፕላዝማው ስለሚደፈርስ የብርሃኑ መጠን ይለወጣል። ሌላው በማግኔት የምትወዛወዝ ትንሽ የብረት ኳስ አለችው፤ ፕላዝማው ሲረጋ እንቅስቃሴዋ ይገታል። ስብ የበዛበት፣ በጣም ቢጫ የሆነ ወይም ቀይ ሴሎቹ የፈነዱ ፕላዝማ በተለይ የብርሃኑን ዓይነት ሊያሳስት ይችላል። ማሽኑ ምልክት ካወጣ ምልክቱን አጥፍቶ ማለፍ ሳይሆን ፕላዝማውን በዓይን ማየት ይገባል።

4. ቁጥሩ

ፒቲ የሚባለው ምርመራ በሰከንድ ይለካል። ሪኤጀንቶች ግን እርስ በርስ ስለሚለያዩ ሰከንዱ ወደ አይኤንአር ይቀየራል። የታካሚው ሰከንድ ለጤነኞች አማካይ ሰከንድ ይካፈላል፤ በተገኘው ቁጥር ላይ አይኤስአይ የተባለው የሪኤጀንቱ ቁጥር ርቢ ይሆናል።

በምሳሌ እንየው። ታካሚው 30 ሰከንድ፣ የጤነኞች አማካይ 12 ሰከንድ ቢሆን ድርሻው 2.5 ነው። አይኤስአይ 1.0 ከሆነ አይኤንአሩ 2.5 ይሆናል። አይኤስአይ 1.3 ከሆነ ግን 3.3 ገደማ ይደርሳል። ደሙ አንድ፣ ሰከንዱም አንድ ነው። ዒላማው ከ2 እስከ 3 ለሆነ ታካሚ የመጀመሪያው «መድኃኒትህን እንዳለ ቀጥል» ያሰኛል፤ ሁለተኛው መጠኑን ሊያስቀንስ ይችላል። አዲስ የሪኤጀንት ሎት ሲከፈት አይኤስአዩን ማሽኑ ላይ መለወጥ የረሳ ሰው ኮምፒውተሩ ያላስጠነቀቀውን ስህተት ለብዙ ታካሚዎች ያድላል። የጤነኞቹ አማካይም ቢያንስ ከ20 ጤነኛ ሰዎች ናሙና እንደገና መሠራት አለበት።

ለማጠቃለል፣ ቱቦው ሙሉ ነው? የረጋ ነገር የለበትም? ጂው ልክ ነው? ኮንትሮሉ አልፏል? አይኤስአዩ የዚህ ሎት ነው? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ለመጠየቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ከመካከላችን ነገ ላብራቶሪ የሚገባ፣ ማሽን የሚጠግን ወይም እናቱን ለምርመራ ይዞ የሚሄድ አለ። ጎዶሎ ቱቦ ሲመለስና «እንደገና ደም ይሰጡ» ስንባል አንቆጣ። ያ ባለሙያ አማናውን እየተወጣ ነው። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም።