ሴልን ማጣበቅስ ቀላል ነው፣ ማላቀቁ ግን?

ላብ ውስጥ ያሳደግኳቸውን ሴሎች ከሳህኑ ላላቅቅ ትሪፕሲን ጨምሬ ትንሽ ስዘገይ ብዙዎቹ ሞቱብኝ። ትሪፕሲን ሴሉን ከሳህኑ ጋር የሚያያይዙትን ፕሮቲኖች ሲቆርጥ ሴሉንም ይጎዳዋል። ታዲያ ሌላ መላ የለም ወይ? አለ እንጂ!

እ.ኤ.አ. በ1990 ጃፓናዊው ቴሩኦ ኦካኖና ባልደረቦቹ ሳህኑን ፒኒፓም በሚባል ፖሊመር ሸፈኑት። ይህ ፖሊመር በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃን ስለሚሸሽ ፕሮቲን ይይዛል፤ ሴሉም በፕሮቲኑ ላይ ይጣበቃል። ከ32 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ግን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሴሎቹም እርስ በርስ እንደተያያዙ፣ ከምጣድ እንደሚወጣ እንጀራ፣ አንድ ላይ ይነሳሉ።

ውፍረቱም ወሳኝ ነው፤ 20 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ይሠራል፣ ከ30 ካለፈ ሴል አይጣበቅበትም። በ2004 በዚሁ ዘዴ ከሕሙማን አፍ የተወሰዱ ሴሎች አድገው የተጎዳ ኮርኒያቸውን ሸፍነዋል።

እንግዲህ ጥሩ ሽፋን የሚባለው መያዝ ብቻ ሳይሆን በጊዜው መልቀቅም የሚያውቅ ነው።