የጀመሩትን መጨረስ



ባለፈው ሳምንት የክፍላችንን ደብተሮች ሰብስቤ ሳርም አንድ ነገር አስተዋልኩ። የብዙዎቹ ደብተሮች የመጀመሪያ አሥር ገጾች በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰምረዋል፤ ጽሑፉም የተዋበ ነው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ይጠፋል፣ ጽሑፉ ይንጋደዳል፣ ከመካከል ወዲያ ደግሞ ገጹ ነጭ ነው። መጀመር ያቃተው ተማሪ አላገኘሁም። የዛሬው ትምህርታችንም ስለ ነጮቹ ገጾች ነው።

አስቀድሜ ስለ ራሴ እውነቱን ልናገር። እኔም ደብተሬ ከመካከል ነጭ የሆነብኝ ሰው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጫለሁ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ስደት አቋረጠኝ» እላለሁ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ከመሰደዴ በፊት በአንድ የሒሳብ ትምህርት ወድቄ፣ አፍሬ፣ ከክፍል መቅረት ጀምሬ ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፍላችሁ እንደ ጨረሰ ሰው ሆኜ አይደለም።

ከሯጮች ምን እንማራለን?

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ነው። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ሻምበል ማሞ ወልዴ ነበሩ። በ800 ሜትርም በ1,500 ሜትርም ሮጠው ከማጣሪያው አላለፉም። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ወጡ፤ ማለትም ለሜዳሊያ አንድ ደረጃ ቀራቸው። በዚያው ኦሊምፒክ ማራቶኑን ጀምረው አልጨረሱም።

በዚህ ቢያቆሙ ኖሮ ማን ይፈርድባቸው ነበር? እርሳቸው ግን አላቆሙም። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ በ10 ሺህ ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥለው የብር ሜዳሊያ አገኙ፤ ከዚያም ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አሸነፉ። ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ 12 ዓመት ነው። ከአራት ዓመት በኋላም በሙኒክ፣ በ40 ዓመታቸው፣ በማራቶን የነሐስ ሜዳሊያ ወሰዱ።

በዚያው የሜክሲኮ ማራቶን 75 ሯጮች ተነስተው የጨረሱት 57 ብቻ ናቸው። የመጨረሻው የታንዛንያው ጆን ስቲቨን አኽዋሪ ነበር። በመንገድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ቢጎዳም፣ አሸናፊው ከገባ ከአንድ ሰዓት በኋላ እያነከሰ ደረሰ። ካቋረጡት መካከል ደግሞ የሁለት ኦሊምፒክ አሸናፊው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነበሩ። እግራቸው ተጎድቶ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠው ወጡ።

እንግዲህ ማቋረጥ ሁሉ ስንፍና አይደለም። በሕመም፣ በረሃብ ወይም በስደት የቆመ ትምህርት ነውር የለበትም። የሚጎዳን ምክንያቱ ካለፈ በኋላም እዚያው ቆመን መቅረታችን ነው።

የእኛን ኑሮ የሚመስል ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የስደተኞች ቡድን በኦሊምፒክ ተካፈለ። ከአሥሩ አትሌቶች አምስቱ ከደቡብ ሱዳን ተሰደው እዚህ ኬንያ የሚኖሩ ነበሩ። አንዱ ደግሞ በሉክሰምበርግ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ዮናስ ክንዴ ነው። ታክሲ እየነዳና ፈረንሳይኛ እየተማረ ይለማመድ ነበር። ማራቶኑን 90ኛ ሆኖ ጨረሰ። 90ኛ መውጣት ሜዳሊያ አያስገኝም፤ ሆኖም 42 ኪሎ ሜትሩን የጨረሰው እርሱ ነው።

ለምን እናቋርጣለን?

አንደኛ፦ የጀመርንበት ስሜት ይበርዳል። ስሜት እንደ ጭድ እሳት ነው፤ ቶሎ ይነዳል፣ ቶሎ ይጠፋል። ሁለተኛ፦ መጨረሻው ይርቅብናል። ሦስተኛ፦ ያልገባን ቦታ ላይ ስንደርስ መጠየቅ እናፍራለን። እኔን የጣለኝ ይህ ሦስተኛው ነው።

ምን እናድርግ?

1. ሥራውን እንከፋፍል። ከኢሲዮሎ ወደ እኛ ሞያሌ የሚመጣውን የአስፋልት መንገድ ታውቃላችሁ። ርዝመቱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። ድሮ አቧራና ጭቃ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2007 ተጀምሮ አሥር ዓመት ገደማ ፈጅቷል። በአንድ ጊዜ ግን አልተሠራም፤ ከኢሲዮሎ መሪሌ፣ ከመሪሌ ማርሳቢት፣ ከማርሳቢት ቱርቢ፣ ከቱርቢ ሞያሌ ተብሎ በአራት ተከፍሎ ነው። መጽሐፍንም እንዲሁ እንከፋፍለው። 144 ገጽ ያለው መጽሐፍ በቀን 3 ገጽ፣ በሳምንት 6 ቀን ቢጠና በ8 ሳምንት ያልቃል።

2. ሰዓት እንወስን። «ደስ ሲለኝ አጠናለሁ» ያለ አያጠናም። ውሃ ከተቀዳ በኋላም ይሁን ከእራት በፊት፣ ሰዓቱ የታወቀ ይሁን። ግማሽ ሰዓትም ይበቃል።

3. ደብተሩን ከማጠፋችን በፊት ነገ የምንጀምረውን በአንድ መስመር እንጻፍ። ነገ «ከየት ልጀምር?» እያልን ጊዜ አናጠፋም።

4. አንድ ቀን ካመለጠን በማግስቱ እንመለስ። ያለፈውን ሁሉ ባንድ ቀን ልክፈል ማለት ግን ያደክማል።

5. ያልገባንን እንጠይቅ። አስተማሪ ከሌለ ጓደኛን፣ ታላቅ ወንድምን፣ እኅትን። «ጠያቂ ካገሩ ይገባል» ይባል የለም? ከአገሩ የራቀ ሰው ይህን ተረት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

ለወላጆች

አባቶችና እናቶች፤ በዚህ ወር ሁለት ልጆች ሸክም ለመሥራት ወደ ኬላው ወርደው ከክፍል ቀርተዋል። ለምን እንደ ሄዱ እናውቃለን፤ ቤት ውስጥ የጎደለውን ለመሙላት ነው። በዚህ ማንንም አንወቅስም። የምንለምነው አንድ ነገር ነው፦ ቀን የሚሠራ ልጅ ደብተሩ አይጣል። ማታ ወደ እኛ ይላክ፤ ያመለጠውን እናስተምረዋለን። ቤት ሲገባም «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ምን ጨረስክ?» ብላችሁ ጠይቁት። ማንበብ የማይችል ወላጅም ይህን መጠየቅና የተጻፈውን ገጽ መቁጠር ይችላል።

መልመጃ

ሀ. ጀምራችሁ የተዋችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። ያቆማችሁ ምክንያት ዛሬም አለ ወይስ አልፏል?

ለ. የቀረውን በቀን ስንት ስንት እንደምታደርሱ አስሉ፤ የሚያልቅበትንም ቀን ጻፉ።

ሐ. ያንን ቀን ለአንድ ሰው ንገሩ።

እኔም መልመጃውን ሠርቻለሁ። የወደቅሁበትን የሒሳብ ትምህርት ከአንደኛው ምዕራፍ ጀምሬ እየሠራሁት ነው፤ በቀን ሁለት ጥያቄ። ትናንት አንዱ አልወጣልኝም፤ ዛሬ ሰው እጠይቃለሁ። ሰኞ ደብተራችሁን ይዛችሁ ስትመጡ «መምህር፣ የእርስዎንም ያሳዩን» በሉኝ።