ስለ እብድ ውሻና ስለ ሌሊት ወፍ

በጎንደር ከተማና በደጋው አገር የእብደትን በሽታ ወደ ሰው አብዝቶ የሚያመጣ ውሻ ነው። ነገር ግን የሌሊት ወፍ ሰው ወደ ተኛበት ቤት ብትገባ እርስዋም ልትፈራ ይገባታል። ጥርስዋ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ የነከሰችበት ስፍራ ላይታይ ይችላል፤ ስለዚህ በባዶ እጅ አትያዝም።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠበው፤ በዚያውም ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ብዙ ሰዎች ግን አስቀድመው ወደ ሥር ማሽ ይሄዳሉ። ጸበሉም ቢሆን አይከለከልም፤ መርፌው ግን ይቅደም። ቁስሉ ይሽራል፥ ሰውየውም ዳንሁ ይላል፤ በሽታው ግን በስውር ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይቈያል። ውኃ መፍራት ከጀመረ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1885 ዓመት ዮሴፍ ሜይስተር የሚባለውን የ9 ዓመት ልጅ እብድ ውሻ ነከሰው። እናቱም ሳትዘገይ ወደ ፓሪስ፥ ወደ ሉዊ ፓስተር አመጣችው። በተነከሰ በሁለተኛው ቀን መርፌ መወጋት ጀመረ፤ ልጁም ዳነ። ባደገም ጊዜ በፓስተር ስም የተሠራው ቤት ዘበኛ ሆነ።