የጭማሪ ሰዓት ዕዳ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ እንኳንም ለፍጻሜው ጨዋታ ትናንት ነቀምቴ አልሄዱ!

ሽማግሌው፦ ሰምቻለሁ። 2 ለ 1፣ በጭማሪ ሰዓት።

ወጣቱ፦ ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀረው ነው የገባብን። ከበረኛው እጅ ያመለጠች ኳስ! ወለጋ ስታዲየም ድረስ ከኑኑ ሁለት አይሱዙ ሙሉ ሰው ሆነን ሄደን፣ ጉሮሯችን እስኪዘጋ ጮኸን፣ ባዶ እጃችንን ተመለስን። ስንመለስ በረኛው ልጅ ከኋላ ማልያውን ፊቱ ላይ ሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። ሰው ሁሉ አፉን ከፈተበት። «ልብ የላችሁም» አልናቸው፣ «ሸጣችሁን» ያለም አለ።

ሽማግሌው፦ «አልናቸው» ነው ያልከው?

ወጣቱ፦ እኔም ብያለሁ። ምን ላድርግ፣ ተናደድኩ።

ሽማግሌው፦ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?

ወጣቱ፦ አሥራ ስድስት ሞልቶታል።

ሽማግሌው፦ እንግዲያው ተቀመጥ፣ ዛሬ ቶሎ አልለቅህም። ከ17 ዓመት በታች በሚካሄደው የዓለም ዋንጫ እንኳ፣ እነዚያ ሐኪምና ወጌሻ የሚከተላቸው ልጆች ጥሎ ማለፉን በአቻ ከጨረሱ በቀጥታ ፍፁም ቅጣት ምት ይመታሉ። ጭማሪ ሰዓት የለባቸውም። የእኛዎቹ ግን በአንድ ሳምንት ሦስት ጨዋታ ተጫውተው፣ ለፍጻሜው በጭነት መኪና ተንጠው ሄደው፣ 120 ደቂቃ ሮጡ። ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመው ስኳር ወደ 90ው ደቂቃ ሲደረስ አብዛኛው የሚሟጠጥ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ባት ይይዛል፣ እግር ከሐሳብ ወደኋላ ይቀራል። በረኛ ቆሞ ስለዋለ አይደክመውም አትበለኝ። የእሱ ድካም ዓይኑና ጣቱ ላይ ነው። አንተ ይህንን «ልብ ማጣት» አልከው።

ወጣቱ፦ ታዲያ ጥር 1954 አባቶቻችን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት የረቱት በልባቸው አይደለም እንዴ? እንደዚያ ሲባል ነው የሰማነው።

ሽማግሌው፦ ያቺን ቀን የማያውቅ የለም፤ እኔም አከብራታለሁ። ጥር 13 ቀን 1954፣ አዲስ አበባ ካምቦሎጆ ስታዲየም፣ ንጉሡ ባሉበት። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራችን፣ ሁለት ጊዜ አቻ አደረግን፤ 90 ደቂቃው 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው ኢታሎ ቫሳሎ አገባ፣ መንግሥቱ ወርቁ ደገመ፣ 4 ለ 2። ዋንጫውን የተቀበለው የኢታሎ ወንድም ካፒቴኑ ሉቺያኖ ነው። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር፣ በኋላ የአፍሪካን እግር ኳስ እስኪሞት የመራው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያውቃል። ሰው የሚያውቀው እዚህ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው እኔን ዕድሜ ልኬን ሲያንገበግበኝ የኖረው።

ወጣቱ፦ ከዚያ ወዲያ ምን አለ ጋሼ?

ሽማግሌው፦ ጥር 1960 አለ! ማንም የማያነሳት። ያኔ ነቀምቴ ተማሪ ነበርኩ። የአፍሪካ ዋንጫ ዳግመኛ እኛው ዘንድ መጣ፣ አዲስ አበባና አስመራ ላይ። ይኸውልህ፣ በ1954 ውድድሩ ላይ የነበሩት አራት ቡድኖች ብቻ ናቸው። ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸነፍን፣ ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፍን፣ በሁለት ጨዋታ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆንን። በ1960 ግን ስምንት ቡድን ነው። ዩጋንዳን 2 ለ 1፣ አይቮሪኮስትን 1 ለ 0፣ አልጄሪያን 3 ለ 1፣ ሦስቱንም አሸንፈን ምድባችንን በአንደኝነት ጨረስን። ሉቺያኖም መንግሥቱም በዚያ ቡድን ውስጥ ነበሩ። እኔን ብትጠይቀኝ ይህ ቡድን ዋንጫ ከበላው ይበልጣል። የፈለገ ይከራከረኝ።

ግማሽ ፍጻሜው ከኮንጎ ኪንሻሳ ጋር ሆነ፣ የጥምቀት ሰሞን። ገበያው ዳር ሬድዮ ያለው አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው ከውስጡ ይበዛል። እኛ ተማሪዎች መስኮቱ ሥር ተደርድረን ቆመናል። ድምፁ ሄድ መጣ ይላል። ሲሄድ ባለ ሻይ ቤቱ ሬድዮውን ከፍ አድርጎ በሁለት እጁ ይይዘዋል፣ ያኔ ሁሉም ትንፋሹን ዋጥ ያደርጋል። መደበኛው ሰዓት አላሸናነፈንም። ጭማሪ ሰዓት ሲባል ሰዉ በደስታ ጮኸ! ለምን መሰለህ? ጭማሪ ሰዓት የእኛ ነው ብሎ ነዋ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያወራው የኖረው ይህንኑ ነው። አንዱማ «ካምቦሎጆ ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ አየሩ ያፍናቸዋል፣ አሁን ይወድቃሉ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ኮንጎ ግን ምድቡን የተጫወተው አስመራ ላይ ነው። አስመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፣ አዲስ አበባም ከዚያ ብዙ አትርቅም። ሰዎቹ አየራችንን ተላምደውት ነው የመጡት። 3 ለ 2 ተሸነፍን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ልነግርህ የፈለግሁት። ሬድዮው ገና ሳይዘጋ እዚያው ሻይ ቤት በር ላይ ወንጀለኛ ፍለጋ ተጀመረ። አንዱ በረኛውን፣ አንዱ ተከላካዩን፣ ሌላው እንዲያውም እነ ሉቺያኖን። ከስድስት ዓመት በፊት ስማቸውን ለልጁ ሊያወጣ የደረሰ ሰው! ያያቸው እንኳ የለም እኮ፣ በሬድዮ ነው። ያላየውን ስህተት፣ ባላየው ተጫዋች ላይ አሸከመ። አንድ መምህር ብቻ «ተዉ፣ ልጆቹ በስምንት ቀን አራተኛ ጨዋታቸው ነው» ቢል ሊመቱት ተነሱ። እኔ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም። ቡድኑ በሁለት ቀኑ ለደረጃ ከአይቮሪኮስት ጋር ተጫወተ፣ በምድቡ 1 ለ 0 ያሸነፍነው አይቮሪኮስት በዚያው ውጤት 1 ለ 0 አሸነፈን። ልቡ የት ሄደ እንዳትለኝ። እግሩ ነው ያለቀው፣ እግሩ!

ወጣቱ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ኮንጎም እኮ ያንኑ 120 ደቂቃ ተጫውቷል። እሱ እንዴት ዋንጫውን በላ?

ሽማግሌው፦ ይህን እንድትጠይቀኝ ነበር የፈለግሁት። አዎ፣ ፍጻሜው ላይ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፎ ወሰደ፣ ያውም በሁለት ቀን ልዩነት። ግን ኮንጎ ያን ቡድን መቼ ሠራው? የሉቡምባሺው ቲፒ ኢንግልበርት፣ ዛሬ ማዜምቤ የምትሉት፣ በፈረንጆቹ 1967 የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮን ነበር፣ በ1968ም ደገመው። የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝም ሃንጋሪያዊ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከትልልቅ ክለቦች ጋር ሲፋለሙ ከርመው ነው የመጡት። ያቺ ሠላሳ ደቂቃ የተወሰነችው ካምቦሎጆ ላይ አይደለም፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ነው። ቡና ያላፈራበትን ዓመት በለቃሚው የሚያመካኝ ገበሬ አይተህ ታውቃለህ? እኛ ግን ኳስ ላይ ስንደርስ ለቃሚውን ነው የምንሰድበው።

ወጣቱ፦ ከዚያስ በኋላ?

ሽማግሌው፦ ከዚያ በኋላማ አብዮት መጣ፣ ሉቺያኖ ተሰደደ፣ ጣልያን ሀገር እንዳለ አረፈ፤ እኛም ከ1974 በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ጠፋን። ተመልሰን የገባነው በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር መቼ እንደዋለ ታውቃለህ? ጥር 13! ዋንጫውን በበላን በ51 ዓመቱ፣ በዕለቱ። ኔልስፕሩት ስታዲየም በስደተኛ ወገኖቻችን ቢጫ፣ አረንጓዴና ቀይ ሆኖ ዋለ። ሱቁን ዘግቶ፣ ሌሊቱን ተጉዞ የመጣ ነው ያ ሁሉ ሰው። በረኛው ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ። በዐሥር ሰው ተጫውተን አዳነ ግርማ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ወጣን፤ ከሻምፒዮኑ ጋር! ይህ የሚያኮራ ነው። ግን ቀይ ካርዱ ሲወጣ ከዚያው ሕዝብ መሐል ጠርሙስና ቩቩዜላ ወደ ሜዳው ተወረወረ፣ ጨዋታውም ተቋረጠ። ያ ውርወራ ለጀማል ምን ጠቀመው? ለቡድኑስ? ሱቁን የዘጋውን ሰው እወደዋለሁ፤ የወረወረውን ግን ያኔም አልደገፍኩትም፣ ዛሬም አልደግፈውም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ ሌላ መጣ። ሰኔ 9 ቀን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 አሸንፈን፣ ምድቡን አለፍን ብለን ከተማው ሲጨፍር፣ ፊፋ ምርመራ መክፈቱን አሳወቀ። ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ መታገድ ሲገባው ቦትስዋና ላይ ተሰልፏል ተባለ። ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ቢጫ መቁጠር የማን ሥራ ነው? ሜዳ ላይ የሚሮጠው ልጅ ነው መዝገብ የሚይዘው? ሰዉ ግን የልጁን ስም ይዞ ነው ያደረው። ስሙን ያወቀው እሱን ብቻ ነዋ! የመዝገቡን ያዥ ማን ያውቀዋል? ይህን ነው ልብ በል የምልህ፦ ደጋፊ የሚፈርደው በሚያየው ሰው ላይ ነው፣ የሚታየው ደግሞ ሁልጊዜ ልጁ ነው። ማሰልጠኛ ያልሠራው አይታይም፣ ወጌሻ ያልቀጠረው አይታይም።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ብራዚሎች በፈረንጆቹ 1950 በዓለም ዋንጫ ማራካና ላይ በኡራጓይ 2 ለ 1 ሲሸነፉ በረኛቸውን ባርቦሳን ያዙት። ሁለት መቶ ሺህ ሕዝብ ገደማ ተሰብስቦ ያየው ሽንፈት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተጫነ። ሰውየው በ2000 እስኪሞት፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ በየመንገዱ ያቺ ኳስ ተከተለችው። እናንተ ትናንት አይሱዙ ላይ የጀመራችሁት ይህንን ነው። ኑኑ ትንሽ ከተማ ናት። ብራዚል ሰፊ ሀገር ሆና መደበቂያ ካጣ፣ ይህ ልጅ የት ይደበቃል? ነገ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ቅዳሜ እናቱ ገበያ ትልከዋለች፣ ሁሉም ቦታ እናንተው አላችሁ።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ዝም እንበል? ሽንፈት አያሳዝንም?

ሽማግሌው፦ ዝም በሉ መቼ አልኩህ! አልቅሱ። እኔ ጥር 1960 እንደ ሕፃን አልቅሻለሁ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 በዓለም ዋንጫው ማጣሪያ ናይጄሪያ በመጨረሻዋ ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት 2 ለ 1 ስታሸንፈን ደግሞ ሽማግሌ ሆኜ አለቀስኩ። መጮህም ጩኹ። ግን ጩኸቱን መልስ መስጠት ወደሚችል ሰው አድርሱት። ትናንት ስንት ተቀያሪ ነበራችሁ?

ወጣቱ፦ ሦስት። አንዱ ታሞ ነበር።

ሽማግሌው፦ በረኛ ተቀያሪስ?

ወጣቱ፦ አልነበረም።

ሽማግሌው፦ የበረኛ አሰልጣኝ አለው?

ወጣቱ፦ የለውም። ለብቻው ነው ሲለማመድ የማየው፣ ታናሽ ወንድሙ እየመታለት። ጓንቱም መዳፉ ላይ ተቀዷል፣ በፕላስተር ጠምጥሞት ነው የሚገባው።

ሽማግሌው፦ ለልምምድ ስንት ኳስ አላቸው?

ወጣቱ፦ ሁለት። አንዷ ነፋስ አትይዝም።

ሽማግሌው፦ ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው «ልብ የላችሁም» ያልከው?

ወጣቱ፦ …እሁድ የደጋፊዎች ስብሰባ አለ ጋሼ። አጀንዳው ላይ «በረኛው ይቀየር» የሚል ገብቷል። እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ሽማግሌው፦ ሰርዘው። በምትኩ ኳስ፣ ጓንት፣ ሁለተኛ በረኛ፣ ለሩቅ ጨዋታ ከቀኑ ቀደም ብሎ ደርሶ ማደሪያ ብለህ ጻፍ። ወደ ወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት የሚሄዱ ሦስት ሰዎች ምረጡ፣ አንዱ እኔ እሆናለሁ። ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?

ወጣቱ፦ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ሽማግሌው፦ ከዚያ በፊት ልጁ ቤት እንሂድ። እናቱን አውቃታለሁ። ጓንቱንም ይዞት ይምጣ፣ ለጽሕፈት ቤቱ እናሳያለን።