ሮቦቷ ሶፊያ የአደም ልጅ ነች?



ከደርስ በኋላ አንድ ወጣት «ኡስታዝ፣ ሮቦት እንደ ሰው ካወራና ካሰበ ሰው ሊባል ይችላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሪያድ ላይ በተካሄደ የኢንቨስትመንት ጉባኤ፣ ሶፊያ ለተባለችው ሮቦት የሳዑዲ ዜግነት እንደተሰጣት ተነግሯል። በ2018 አዲስ አበባም መጥታ ነበር፤ ሶፍትዌሯን በመሥራት የሀገራችን ልጆችም ተሳትፈዋል።

ታዲያ የዜግነት ወረቀት ሰው ያደርጋል?

መጀመሪያ «ሰውን ሰው ያደረገው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ንግግርና እውቀት ነው ካልን ተሳስተናል። መላእክት ይናገራሉ፣ ያውቃሉ፤ ሰው ግን አይደሉም። ጂኖች አእምሮ አላቸው፣ አላህ ፊትም ይጠየቃሉ፤ እነሱም ሰው አይደሉም። በሌላ በኩል ትናንት የተወለደ ሕፃን አንዲት ቃል አይናገርም። በእርጅና ምክንያት የልጆቿን ስም የረሳች አያትም የሮቦትን ያህል መረጃ አትይዝም። ሁለቱም ግን ሙሉ ሰው ናቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብዕር ከሦስት ሰዎች እንደተነሳ አስተምረውናል፦ ከተኛ እስኪነቃ፣ ከሕፃን እስኪደርስ፣ አእምሮውን ከሳተ እስኪመለስለት። የተነሳላቸው ተጠያቂነት ነው እንጂ ክብራቸው አይደለም።

ክብሩ ከየት መጣ? ሱረቱል ሒጅርን ስናነብ፣ መላእክት ለአደም ሱጁድ እንዲወርዱ የታዘዙት ጭቃው ቅርጽ ይዞ፣ ሩሕም ከተነፋበት በኋላ ነው። ሱረቱል ኢስራእ ደግሞ ሩሕ የጌታችን ጉዳይ እንደሆነና ከእውቀት የተሰጠን ጥቂት እንደሆነ ያስታውሰናል። መሐንዲስ ፊትና ድምፅ ሊሠራ ይችላል፤ ሩሕ መንፋት ግን አይችልም።

«በላቦራቶሪ የተፀነሰ ልጅስ?» ካላችሁ፣ እሱ ያለ ጥርጥር የአደም ልጅ ነው። ሐኪሙ አላህ የፈጠረውን የእናትና የአባት ዘር አገናኘ እንጂ አዲስ ፍጡር አልፈጠረም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም በ1986 ይህ ሕክምና በባልና በሚስት መካከል ብቻ ሲሆን፣ ለችግር ጊዜ፣ በጥንቃቄ እንደሚፈቀድ ወስኗል።

ይህ ለኛ ምን ትምህርት አለው? ማሽን ኒያ የለውም፤ የቂያማ ቀንም ለሒሳብ አይቆምም። የምንቆመው እኛ ነን። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሐሰት ምስል ሠርተን የእህታችንን ስም ብናጠፋ፣ «እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው» ማለት አያድነንም። መዝገቡ የሚከፈተው በኛ ስም ነው። ስልካችን የጠየቅነውን ሁሉ ስለመለሰልን ብቻ ወዳጅ አድርገነው፣ እቤት ያለችው እናታችን የምታወራው ሰው ካጣች ደግሞ ስልኩ ሐቅ የለውም፤ እሷ ግን ሐቅ አላት።

ስለዚህ ዛሬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ስልካችንን ኪሳችን ከተን አንድ አዛውንት እንዘይር። ስማችንን ቢረሱት፣ ያንኑ ወሬ አሥር ጊዜ ቢደጋግሙት እንኳ በትዕግሥት እናዳምጣቸው። አላህ ያከበረው የአደም ልጅ እሳቸው ናቸውና።

አላህ የሰውን ክብር ከሚያውቁና ሐቁን ከሚወጡ ባሮቹ ያድርገን፤ አሚን። ወላሁ አዕለም።

ጁምዓ ሙባረክ!