በርጩማው ሲሸጥ የሚከፈለው ለእንጨቱ ነው ወይስ ለቅርፁ?

ለሥራ ጅማ የሚመላለስ ቡና ነጋዴ ሲመለስ ከጆንያው አጠገብ አንድ በርጩማ መጫኑ የቆየ ልማድ ነው። ቡናውን ሲገዛ እርጥበቱን ያስለካል፣ እንከኑን ያስቆጥራል፣ ያስቀምሳል፤ “ጅማ 5” ነው ወይስ የታጠበ ሊሙ ብሎ ደረጃውን አጣርቶ ነው ገንዘቡን የሚቆጥረው። ወደ መርካቶ ጎራ ብሎ በርጩማውን ሲገዛ ግን ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ “መጨረሻው ስንት ነው?” ማን እንደጠረበው አይጠይቅም፤ ቅርፁ ከየት እንደመጣም አይጠይቅም። ስለማይጠየቅም አይከፈልበትም።

የዚህ ሳምንት የገበያ ትምህርታችን በዚህ ባልተጠየቀው ጥያቄ ላይ ያተኩራል። የእጅ ባለሙያውና ሠዓሊው ሐሳባቸውን ከየት ያገኛሉ? ያ ሐሳብስ መቼ ነው እንጀራ የሚሆነው? ጉዳዩ የጥበብ አምድ ጉዳይ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ ሒሳቡ ድረስ ይታገሠን።

የአንድ በርጩማ ዋጋ ሦስት ነገሮችን ይዟል፤ ጥሬ ዕቃ፣ ጉልበትና ቅርፅ። ለትምህርት ያህል ቁጥር እንስጠው። ግንዱ 250 ብር፣ የአራት ቀን ጉልበት በቀን 200 ሒሳብ 800 ብር፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቫርኒሽ 50 ብር ቢሆን ወጪው 1,100 ብር ነው። ጠራቢው በ1,200 ብር ቢሸጠው ከጥሬ ዕቃውና ከጉልበቱ በላይ የቀረው 100 ብር ብቻ ነው። ያው በርጩማ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች በአንዱ 2,800 ብር ቢሸጥ በመካከሉ 1,600 ብር ተጨምሯል ማለት ነው። ከዚህ ላይ የመኪና፣ የቤት ኪራይና የነጋዴው ድካም ይነሣል፤ እነዚህ ሁሉ ተነሥተው የሚቀረውን ገዢው የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ማሰብ ነው። ለእንጨት እንዳይባል እንጨት በሜትር ኩብ ይሸጣል። ለመቀመጫ እንዳይባል የፕላስቲክ ወንበር በርካሽ ሞልቷል። የሚከፈለው ለቅርፁ ነው። ቅርፁን ያወጣው ሰው ግን በዚያ ሒሳብ ውስጥ የለበትም።

ቅርፁ ራሱ እንዴት እንደመጣ እንይ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈል ነው፤ ሚስማርም ማጣበቂያም የለውም። መደገፊያ ያለው የጅማ ወንበርም እንዲሁ መቀመጫውና መደገፊያው ከአንድ ግንድ ይወጣል፤ በውጭ አገር ያሉ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች “ጅማ” በሚለው ስሙ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። እግሩ ሦስት የሆነው ለጌጥ አይደለም። አራት እግር ያለው ወንበር ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ ይንገዳገዳል፤ ሦስት እግር ግን የትም ቢቀመጥ ይረጋል። መቀመጫው ጎድጎድ ያለው ሰው ለረጅም ሰዓት ስለሚቀመጥበት ነው፤ የቡና ሥነ ሥርዓት እስከ ሦስተኛው ስኒ ይቆያልና። ስፋቱን የሚወስነው የግንዱ ውፍረት ነው። እንግዲህ ለጠራቢው ሐሳብ የሚያመጣለት ጨረቃ ላይ ያፈጠጠ ቅዠት ሳይሆን ወለሉ፣ ግንዱና ተቀማጩ ናቸው። በሺህ ጊዜ ድግግሞሽ ውስጥ አንዱ ጠራቢ እግሩን ትንሽ ያጎብጠዋል፣ ሌላው ጠርዙን ያሳሳዋል፤ ገበያው የወደደው ይቀራል። ዲዛይን የሚባለው ይኸው ነው።

ገበያው ደግሞ አሮጌ ገበያ ነው። መርካቶ የሚለው ስም ከጣሊያን ጋር የመጣ ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ሒርማታ ነበረች፤ የሐሙስ ገበያዋ ከከፋ፣ ከሊሙ፣ ከጎማና ከጌራ ነጋዴ የሚሰበስብ ትልቅ ገበያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ነጋዴንና የእጅ ባለሙያን በማቅረብ ይታወቃሉ። ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የእንጨት ቤተ መንግሥታቸውና በጅማ ሙዚየም የሚታዩት መገልገያዎቻቸው የዚያ ዘመን ጠራቢ ምን ይችል እንደነበር ይናገራሉ። ትልቅ አዛዥ ሲኖር ትልቅ ሥራ ይወጣል። የጠራቢዎቹን ስም ግን መዝግቦ ያስቀመጠልን አላገኘንም።

ስሙ የጠፋበት ምክንያት ለኢኮኖሚ ተማሪ ግልጽ ነው። በአገራችን ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂና እንጨት ጠራቢ ለብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል፤ ጅማና ከፋም ከዚህ የተለዩ አልነበሩም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። የተናቀ ሰው ዋጋ አይጠራም፤ የተጠራለትን ይቀበላል። በአንዳንድ ገበያ ዛሬም የሚታየው “ለእጁ ምን ይከፈለዋል” የሚለው አነጋገር የዚያ ንቀት ርዝራዥ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

አሁን ወደ ጥሬ ዕቃው እንመለስ፤ እዚህ ላይ ቡና ነጋዴው በቀጥታ ይመለከተዋልና። ለበርጩማ የሚመረጠው እንጨት ዋንዛ ነው፤ የአካባቢው ገበሬ ወዴሳ ይለዋል። ለመሥሪያ ገር ነው፣ መልኩም ደስ ይላል። ይኸው ዋንዛ በማናም፣ በጎማም፣ በሊሙም የቡና ጥላ ዛፍ ነው። ስለዚህ የጠራቢው ጥሬ ዕቃ በቡና ገበሬው ማሳ ላይ ቆሞ ያለ ንብረት ነው። ቡና ዋጋ ሲያወጣ ገበሬው ጥላውን ይጠብቃል። የቡና ዋጋ ሲወድቅ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በዓለም ገበያ እንደሆነው፣ ቡናው በጫት ይተካል፣ ጥላውም ይቆረጣል፤ ጫት ጥላ አይፈልግም። በዚያ ሰሞን ግንድ ይረክሳል። ቆይቶ ግን ዛፉ አልቆ ዋጋው ይሰቀላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከዝግባ፣ ከጽድና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከከለከላቸው ዛፎች መካከል ማድረጉም የሚታወስ ነው። ጥሬ ዕቃው እየተወደደ የሚሄድ ሙያ በብዛት መሸጥ አያዋጣውም፤ ያለው መውጫ ከአንድ ግንድ የሚያገኘውን ዋጋ ማሳደግ ነው። ይህ ካልሆነ ወጣቱ ጠራቢ ወደ ሶፋ ሥራና ወደ ብረታ ብረት ወርክሾፕ ይሄዳል፤ የሚፈርድበትም አይኖርም።

ከአንድ ቁራጭ የሚያገኙትን ዋጋ ያሳደጉ ሰዎች አገራችን ውስጥ አሉ። የአዲስ አበባው መርካቶ አሮጌ ሽቦ፣ ቁልፍና የተሰበረ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥበት መሆኑን የማያውቅ የለም። ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ በ1982 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቀው የሥራቸውን ጥሬ ዕቃ ከዚሁ ገበያ መልቀም ያዙ። የኮምፒዩተር ሰሌዳና ባለቀለም ሽቦ እየጠለፉና እየገጣጠሙ ግድግዳ የሚያህል ሥዕል ያወጣሉ። ሥራቸው በ2014 ዓ.ም. በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ትርኢት ላይ ቀርቧል። በ2011 ዓ.ም. ከባለሙያዋ ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋር የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ደግሞ በጭቃና በድንጋይ ግንባታ የቆየውን ዕውቀት ለሕዝብ አሳይቷል። ከምርቃቱ እስከ ቬኒስ ከ30 ዓመት በላይ መሆኑን ግን ልብ ይሏል። በዚህ ሙያ ካፒታል ቶሎ አይመለስም።

ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ገደማ ዘነበወርቅ ሰፈር ሶልሬብልስን ሲያቋቁሙ የፈለሰፉት ጫማ አልነበረም። በረባሶ ነበር፤ ከጎማ ሶል የሚሠራው፣ አርበኛውም ገበሬውም ሲረግጠው የኖረው። እሳቸው የጨመሩት አገር ቤት የተፈተለና የተሸመነ ጨርቅ፣ ልክና ስም ነው። ስሙ ከተያዘ በኋላ ውጭ አገር ያለው ገዢ ጫማውን በስሙ መጠየቅ ጀመረ። በረባሶ ለዘመናት ሲሸጥ ኖሮ ያላገኘውን ዋጋ ያገኘው ያኔ ነው።

ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ሥዕል ተምረው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ ባሳዩት የመጀመሪያ ኤግዚቢሽን ያገኙትን ገንዘብ አልበሉትም፤ ለሁለት ዓመት አውሮፓ ዞረው የባለቀለም መስታወት ሥራ ተማሩበት። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥራ የተገኘው ከዚያ ነው። ነጋዴ ትርፉን መልሶ ሥራ ላይ ማዋል የሚለውን ሎሬቱ በሥዕል አደረጉት።

የስም ነገር ለቡና ሰው አዲስ አይደለም። መንግሥት ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲነሣ የዚያ አገር የቡና ማኅበር ተቃውሞ ነበር፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክር በ1999 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ያኔ የተያዘው አቋም ቀላል ነበር፤ ገዢው የሚከፍለው ለፍሬው ብቻ ካልሆነ የስሙ ድርሻም ለባለቤቱ ይድረስ የሚል። በርጩማ ላይ ሲደርስ ይህ ለምን እንደሚረሳ አይገባንም።

ሕጉ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የ5 ዓመት ጥበቃ የሰጠ ሲሆን ንድፉ አገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ ሁለት ጊዜ በ5 በ5 ዓመት ሊራዘም እንደሚችል ደንግጓል። ዋናው ሁኔታ ግን ንድፉ አዲስ መሆን አለበት። እንግዲህ አባቶች የተቀመጡበትን ባለ ሦስት እግር በርጩማ “የኔ ነው” ብሎ የሚያስመዘግብ ነጋዴ ቢመጣ መንገድ የለውም፤ እንዲያውም ደግ አደረገ። ከዚያ ቅርፅ ተነሥቶ የተለየ ነገር ያወጣ ጠራቢ ግን፣ ለካፌ የሚሆን ረጅም በርጩማ ይሁን ወይም ተጣጥፎ የሚሸከፍ ረከቦት፣ ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ማመልከት ይችላል። ካወጣው በኋላ ጎረቤቱ በሳምንቱ ይገለብጠዋል፤ አዲስ ነው ብሎ መከራከርም ይከብዳል። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ደግሞ የወል የንግድ ምልክትን ያውቃል፤ አንድ የጠራቢዎች ማኅበር ምልክት አስመዝግቦ አባላቱ ብቻ በዕቃቸው ላይ እንዲያሳርፉት ማድረግ ይችላል። በርጩማው ሥር በጋለ ብረት የሚታተም ትንሽ ምልክት ማለት ነው። ወጪው ከአንድ ጆንያ ቡና ማስጫኛ ጋር የሚያስተዛዝን አይመስለንም።

እዚህ ላይ ደላላውና ባለሀብቱ ይገባሉ። ሆቴል የሚሠራ ሰው 40 በርጩማ ቢያዝ እስካሁን ባለው ልማድ ዋጋው በቁጥር ተባዝቶ፣ ተከራክሮ ይወርዳል፤ “ብዙ ስለሆነ ቀንስ” ይባላል። ሌላው መንገድ ይህ ነው። መጀመሪያ ለሳምፕሉ ለብቻው ይከፈል፤ ጠራቢው ሁለት ሦስት ዓይነት ሞክሮ የሚጥለው እንጨትና ቀን አለውና። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ በርጩማ ላይ የቅርፅ ድርሻ ተብሎ በውል ይቀመጥ። 100 ብር ቢሆን ከ40ው 4,000 ብር ይሆናል፤ ከላይ ባሰብነው ሒሳብ በአንድ በርጩማ የሚቀረውን 100 ብር እጥፍ ያደርገዋል ማለት ነው። ሆቴሉ በኋላ ያንኑ ቅርፅ ሌላ ቦታ ማሠራት ከፈለገ ያችን ድርሻ ይክፈል። ደላላው ኮሚሽኑን ከዚህ ላይ ቢያስብ እንኳ ከዕለት ገበያው የተሻለ ያገኛል፤ ትእዛዙ ሲደገም ኮሚሽኑም ይደገማልና። ውል የሚጻፈው ጠብ ከመጣ በኋላ አይደለም፤ ንድፉ የማን እንደሆነ በቃል የተተወ እንደሆነ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሚዛኑ ወደ አዛዡ ማዘንበሉ አይቀርም።

ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ደግሞ አንድ ነገር ከቡናው ይዋስ። በርጩማ በአብዛኛው የሚጠረበው ግንዱ ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ያኔ መሮው በቀላሉ ይገባል። ዝናብ ከማይለየው ጅማ ወጥቶ ማሞቂያ ያለበት የአውሮፓ ሳሎን ሲገባ ግን በፍጥነት ይደርቅና ከመሐሉ ይሰነጠቃል። ገዢው ቅሬታውን የሚልከው ለላኪው ነው፤ ጠራቢው ሳይሰማ ትእዛዙ ይቀራል። መድኃኒቱ ጥርቡን በግማሽ አቁሞ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ መተው፣ ከዚያ መጨረስ ነው። ይህ ወራት ይፈጃል፤ ለእነዚያ ወራት ጠራቢው የሚበላው ስለሌለው እርጥቡን ይሸጣል። ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያው ከመስከረም በፊት እጁ ቢገባ፣ በደረቁ ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት በርጩማው ጥላ ሥር ቢቆይና ከመጫኑ በፊት የቡናው መለኪያ ባይሆንም የእንጨት እርጥበት መለኪያ ቢነካው፣ ላኪው ስለ ስንጥቅ የሚመልሰው ደብዳቤ አይኖርበትም።