አንድ መሣሪያ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች

ከአፋር የመጣ የአሞሌ ስባሪ በእጃችን ይዘን «ይህ በእርግጥ ሶዲየም ክሎራይድ ነውን?» ብለን ብንጠይቅ፣ ምላስ ከሚሰጠን ይልቅ የታመነ መልስ ከኤክስሬይ እናገኛለን። ጨዉን አድቅቀን በዲፍራክሽን መሣሪያ ላይ ስናኖረው፣ ከመዳብ የሚመነጨውና የሞገድ ርዝመቱ 0.154 ናኖሜትር የሆነው ጨረር በክሪስታሉ የአቶም ንጣፎች ላይ አርፎ ይመለሳል። ከተከታታይ ንጣፎች የተመለሱት ሞገዶች የሚደጋገፉት ግን በተወሰኑ ማዕዘኖች ብቻ ነው፤ ይኸውም የንጣፎቹ ርቀት እጥፍ በማዕዘኑ ሳይን ሲባዛ ከሞገዱ ርዝመት ወይም ከብዜቱ ጋር እኩል ሲሆን ነው። የጨው ዋነኛ ንጣፎች ርቀት 0.282 ናኖሜትር በመሆኑ ሳይኑ 0.273፣ ማዕዘኑም ወደ 16 ዲግሪ ይሆናል። አንባብያን ራሳቸው ያስሉት።

ይህ ልኬት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም። ታዲያ በቀሪዎቹ ሰዓታት መሣሪያው ምን ይሠራል? አንድ የትምህርት ክፍል ብቻውን ከያዘው አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈትቶ ይውላል።

ከዓመታት በፊት በአንድ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከነሣጥኑ ቆሞ አይተናል፤ የማቀዝቀዣ ውሃ መስመር አልተዘረጋለትም ነበር። በዚያው ወቅት በሌላ ከተማ የነበረ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪያችን፣ ናሙናዎቹ ውጭ አገር ተልከው እስኪመለሱ ምረቃው አንድ ዓመት ተራዝሞበታል። በሁለቱ ከተሞች መካከል የነበረው መንገድ የአንድ ቀን የአውቶቡስ ጉዞ ነበር!

ከዚህ እጅግ የሚልቁ መሣሪያዎችን በጋራ መያዝ እንደሚቻል ሴሰሚ የተባለው የዮርዳኖስ ቤተ ሙከራ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኸርማን ዊኒክና ጉስታፍ-አዶልፍ ፎስ የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት፣ በበርሊን ሊዘጋ የተቃረበው ቤሲ አንድ የተሰኘ አፋጣኝ እንዳይጣል፣ ይልቁንም ለመካከለኛው ምሥራቅ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። አሮጌው ማሽን የኤሌክትሮኖቹ መነሻ ሆነ፤ ዋናው ቀለበት ግን አዲስ ተሠራ። ዙሪያው 133 ሜትር ያህል ነው። ኤሌክትሮኖቹ በ2.5 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት፣ ከብርሃን ፍጥነት በጥቂቱ ብቻ ዝቅ ብለው፣ በሰከንድ ከሁለት ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይዞሩታል። ማግኔቶቹ አቅጣጫቸውን በሚያስለውጧቸው ጊዜ ኃይለኛ ጨረር ይለቃሉ። ይህ ጨረር በቀለበቱ ዙሪያ በተለያዩ መስመሮች ስለሚወጣ፣ አንዱ ቡድን ፕሮቲን ሲያጠና ሌላው አፈር ሊመረምር ይችላል። መጋራት በማሽኑ ተፈጥሮ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ቤተ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2017 ተመረቀ። ከአባላቱ መካከል እስራኤል፣ ኢራን፣ ፍልስጥኤም፣ ግብጽና ፓኪስታን ይገኙበታል፤ አንዳንዶቹ በመካከላቸው የዲፕሎማሲ ግንኙነት እንኳ የላቸውም። አገራችን አባል አይደለችም፤ በአፍሪካ ምድርም እስካሁን የዚህ ዓይነት ማሽን የለም።

የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ የሚወስዱት የማሽኑን ግዝፈት ሳይሆን የአሠራሩን ሥርዓት ነው ብለን እናምናለን። በሴሰሚ ተመራማሪው ማመልከቻ ያቀርባል፤ ገምጋሚዎች ሳይንሳዊ ፋይዳውን መዝነው የጨረር ሰዓት ይመድቡለታል። ማሽኑ ያለበት አገር ዜጋ መሆን ብቻውን ቅድሚያ አያስገኝም። እኛ ዘንድ ግን መግባቢያ ሰነድ ተፈርሞ ሲያበቃ የመሣሪያው ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ለዚህ ኃላፊውን ብቻ መውቀስ አግባብ አይሆንም። የኤክስሬይ ቱቦ ያልቃል፤ ምትኩም በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። እንግዳው ለክቶ ሲሄድ ወጪው የሚቀረው በባለቤቱ ላይ ነው። ስለዚህ የሰዓት ክፍያው፣ የቴክኒሻኑ አበልና የጥገናው ድርሻ ከፊርማው በፊት በዝርዝር ሊጻፉ ይገባል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ቴክኒሻኑ ነው። እርሱ ሥራውን ለቆ ሲሄድ መሣሪያው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ይቆማል፤ በመሆኑም ተጋሪዎቹ ተቋማት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ልከው ቢያሠለጥኑ ይመረጣል።

ደግነቱ ናሙናው ቀላል ነው። የደቀቀው ጨው ከአንድ ግራም ብዙም አይበልጥም፤ እርጥበት እንዳይስብ በጠርሙስ ታሽጎ፣ ስምና ቀን ተጽፎበት በፖስታ ይሄዳል። የልኬቱ ውጤትም ሁለት ዓምድ ቁጥር ነው፤ በአንዱ ማዕዘን፣ በሌላው የጨረሩ ብርታት። ያን ፋይል በኢሜይል የተቀበለ ተማሪ፣ መሣሪያውን በዓይኑ ባያይም፣ በ32 ዲግሪ አካባቢ የቆመውን ጉብታ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ለምን በ16 ሳይሆን በ32 እንደሆነ ደግሞ መሣሪያው ጨረሩ ከመነሻ አቅጣጫው የዞረበትን ሙሉ ማዕዘን እንደሚለካ በማስታወስ ይደርስበታል።